ሦስት መቶ ቃላት ከላይ ወደ ታች

እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ የሚመጣ ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ እናቴ «ምነው አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ላይ ምን አለ?» ትለኝ ነበር። እግሬ ላይ ምንም አልነበረም፤ ያለው ሆዴ ውስጥ ነበር።

ወረፋ ስይዝ ወይም አውቶቡስ ስጠብቅ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አጠገቤ ያሉት ጸሎት የማደርስ መስሏቸው መንገድ ይለቁልኛል። የምን ጸሎት! አብዶመን፣ ኤብል፣ አክሰፕት፣ አክሲደንት፣ ኤክ፣ አፍሬይድ እያልሁ ነው። ሦስት መቶ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ከአብዶመን ይጀምሩና የሎው ላይ ያልቃሉ። ከመካከል አንዱን ብትጠይቁኝ ዛሬም ቀጥ ብዬ አላገኘውም፤ ከላይ ጀምሬ መውረድ አለብኝ። ይህ ጠባይ አንድ ጊዜ ጉድ ሊሠራኝ ነበር።

ቤታችን ከከተማው በላይ ባለው ዳገት፣ ቁስቋም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ። አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ግቢያችን ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጠው አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲፈቱት ይውላሉ። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥቶ ዝም ያለ ተማሪ ካለ የአባቴ ፊት ይቋጠራል፤ ጨው የሌለው ወጥ የቀረበላቸው ይመስላሉ። እኔ ደግሞ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከተማ ውስጥ በተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። አባቴ ወድደው አይደለም የላኩኝ። እናቴ «ቤት ውላ ከምታሳብደኝ ትሂድልኝ» ብላ ነው።

ከአባቴ ተማሪዎች መካከል ከእንፍራንዝ በኩል የመጣ አንድ ዲያቆን ነበር። ቅኔ አስመስክሮ ነው አባቴ ዘንድ የመጣው፤ ዝምተኛ ነው፣ ረጅም፣ ሲሄድ ኮቴው የማይሰማ። የአገሩ ሰዎች ቄሳቸው ሞቶባቸው፣ ሬሳቸውን ለማስፈታት እንኳ ሌላ ደብር እየሄዱ፣ እሱን ይጠብቁ ነበር። ዲያቆን ደግሞ ከቀሰሰ ወዲያ ማግባት አይችልም፤ መጀመሪያ በተክሊል ማግባት፣ ቀጥሎ መቀሰስ ነው። ስለዚህ ሽማግሎቹ ሚስት ፍለጋ መጡ፣ አባቴም እኔን ሊሰጡት ቃል ገቡ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተቆረጠ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

እውነቱን ልናገርና ዲያቆኑን አልጠላሁትም። ምን አድርጎኝ እጠላዋለሁ? የጠላሁት ነገሬ ሁሉ አልቆ፣ ተቋጥሮ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ቀን መጠበቄን ነው። እናቴ ለሠርጉ ልብስ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ በዞረ ቁጥር እኔ ተነሥቼ ከበሩ እስከ ጥዱ፣ ከጥዱ እስከ በሩ እመላለሳለሁ። ሣሩ ላይ መንገድ አወጣሁበት።

በዚያው ሰሞን ከተማ ውስጥ የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፍቶ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ይፈለጋሉ ተባለ። መግቢያው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ ፈተናው ግንቦት መባቻ ላይ ነው። ለተመዘገበ ሁሉ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ይሰጣል፤ ሦስት መቶ ቃላት ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው። ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም እንጂ ጉደኛ ወረቀት ነበር። ከሆዱ አብዶመንና ከደሙ ብላድ ጋር ውሻው ዶግም አለበት፣ ባሉ ሀዝባንድም አለበት፣ ጥላው አምብሬላም አለበት። ተመዝግቤ ወረቀቱን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ መጣሁና አባቴን ሦስት ቀን ሙሉ ጨቀጨቅኋቸው። ራት እየበሉ እጨቀጭቃለሁ፤ ዳዊት ሲደግሙ ጨርሰው እስኪዘጉ ጠብቄ እጨቀጭቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰለቻቸው። «ስሚ» አሉኝ። «ካለፍሽ ቃሌን አጥፌ ሽማግሎቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከወደቅሽ ግን ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

«እሺ» አልሁ። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልሁ እንጃ። ሁለት ወር ነበር የቀረኝ፣ እንግሊዝኛዬም የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው።

በማግስቱ ጥዱ ሥር ወረቀቱን ይዤ በዓይኔ እያነበብሁ ሳለ አባቴ መጥተው ቆሙ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠናሁ።»

«አፍሽ አይንቀሳቀስም እኮ። ቃል በዓይን አይያዝም። ድምፅ አውጪ።»

«አባዬ፣ እንግሊዝኛ ነው።»

«እንግሊዝኛስ ቢሆን በአፍ አይደል የሚነገረው? የምትወድቂውም ከሆነ ተምረሽ ውደቂ። የእኔ ልጅ ሳታጠና ወደቀች አይባልም» ብለው ከፊቴ ተቀመጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ እንግሊዝኛ አስተማሩኝ። ፊደሉን አያውቁትም፣ ግን አስተማሩኝ። ሥርዓቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ነው፤ በየቀኑ አምስት ቃል ይጨመራል፣ ከላይ ጀምሮ ሳይወረድ ግን አንድም አይጨመርም። እኔ ቃሉን፣ የእንግሊዝኛ ፍቺውንና ከትምህርት ቤቱ ህንዳዊ መምህራችን ጠይቄ ያመጣሁትን አማርኛ ሁለት ጊዜ አነብላቸዋለሁ፤ ሦስተኛውን እሳቸው ይሉታል። ከዚያ በኋላ አያመልጣቸውም። እኔ ስስት «ተመለሺ» ይላሉ፤ መመለስ ማለት አብዶመን ድረስ ነው። አንድ ቀን መቶ ሰማንያ ላይ ስቼ መለሱኝ፣ መቶ ሰባ ዘጠኝ ላይ እንደገና ስቼ መለሱኝ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ወረቀቱን ወርውሬ ተነሥቼ ግቢውን ዞርሁ። አባቴ ወረቀቱን አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

በዚህ ላይ አንድምታው አለ። የወረቀቱ ፍቺ አንድ ብቻ መሆኑ አባቴን እረፍት ነሣቸው። ሪስትለስ የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ «ጸንቶ መቀመጥ የማይችል» ብዬ አማርኛውን ነገርኋቸው። «አንድም» አሉ ወዲያው፣ «ቃየን ነው። በምድር ላይ ተቅበዝባዥ ሁን ተብሏልና። አንድም፣ በአልጋ ላይ የሚገላበጥ በሽተኛ ነው። አንድም፣ አንቺ ነሽ።» እናቴ ከእንዝርቷ ቀና ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ደግሞም ሁሉንም አብሬ ያዝሁት።

ዲያቆኑ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጥዱ ወዲያ መጽሐፉን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ፈተናውን ካለፍሁ እሱ ሚስቱን ያጣል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚያነሣው ግን የለም። አንድ ቀን ውኃ ይዤ ስገባ በሩ ላይ አገኘሁትና ራቅ ብሎ ቆሞ «አይ ማለት እኔ ማለት ነው አይደል?» አለኝ።

«ነው።»

«ዶንት ግን ከዝርዝሩ የለም። ህንዱ መምህር በደጃችን ሲያልፍ ስታናግሪው ሰምቼሽ ነው።»

«አታድርግ፣ አይደረግም ማለት ነው። ለአንተ ምን ያደርግልሃል?»

«እንዲያው ነው» ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። የሰው ነገር ማዳመጡ አናደደኝ። ሁለት ወር ሙሉ እየጮህሁ የሰፈሩን ጆሮ የያዝሁት እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር።

ፈተናው ደረሰ። ከቁስቋም ገና ሳይነጋጋ ወርጄ በሩ እስኪከፈት ቆምሁ። ወረቀቱ ሲሰጠን አርባ ቃላት አሉበት፣ ግን ተደበላልቀዋል። የመጀመሪያው ስዌሊንግ ነው። ስዌሊንግን አውቀዋለሁ! ግን ከየት ላምጣው? ከአብዶመን ጀምሬ ወረድሁ። እብጠት ማለት ነው፤ ደርሼ ጻፍሁት። ሁለተኛው ቦን፣ አጥንት ነው፤ እንደገና ከአብዶመን። ሳላውቀው ድምፅ አውጥቼ ኖሮ ጠባቂው መጥቶ «አፍሽን ዝጊ» አለኝ። አፌን ስዘጋ ደግሞ ቃሎቹ ጠፉ። ሌሎቹ ልጆች ገጽ ሲገለብጡ እሰማለሁ፤ እኔ ገና ኤልቦ አካባቢ ነኝ። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ከአርባው ሃያውን አልሞላሁም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በቃል መጠየቅ መጣ። አንዲት ፈረንጅ አስተማሪና አንድ አስተርጓሚ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ፈረንጇ ወረቀቴን አየችና «ሪስትለስ» አለችኝ። ሁለት መቶ ዐሥራ አንደኛው ቃል ነው። በልቤ ልወርድ ሞከርሁ፣ አልሆነም፤ እንግዲህ ምን ይመጣል ብዬ ጮክ አድርጌ «አብዶመን» ብዬ ጀመርሁ። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። አላቋረጠችኝም። ሪስትለስ ላይ ስደርስ ላብ አጥምቆኛል። ፍቺውን አልሁ።

«ተጠቀሚበት ትልሻለች» አለ አስተርጓሚው።

መጠቀም የሚሉት ምን እንደሆነ አልገባኝም። የጎደለው ፍቺ መሰለኝና «አንድም፣ ቃየን ነው» አልሁ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «ምን?» «ቃየን። የአቤል ወንድም።» ሰውዬው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘና አስተረጎመላት። እሷ ግን አልሳቀችም። በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለችኝ፤ ዓርብ ተመለሺ፣ ከወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳታመጪልኝ፣ ቃሉን የራስሽ ነገር ውስጥ አግብተሽ ንገሪኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ቤት የደረስሁት እያለቀስሁ ነው፤ አልዋሽም። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ቃየንንም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። ሁለት ወር የደከሙበት ትምህርት አልበቃም መባሉ ከብዷቸዋል። እናቴ እንዝርቷን አቆመች። ያን ጊዜ ዲያቆኑ ከጥዱ ወዲያ ተነሥቶ መጣና እጅ ነሥቶ ቆመ።

«የኔታ፣ ይፍቀዱልኝና» አለ። «ይህ የቅኔ ቤት ነገር ነው። እኛ ግሱን ሁሉ ብናጠና ለብቻው ቅኔ አይሆነንም። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ከራሳችን አውጥተን ለመምህሩ እንቆጥራለን። ትናንት የቆጠረውን ዛሬ ይዞ የመጣ ይባረራል። እርስዎ ከየትም ከየትም ቃል ይጥሩ፤ እሷ እዚያው ከራሷ ትቁጠር።»

አባቴ ቀና ብለው አዩት። እኔም አየሁት። ቢጠቀም የሚጠቀመው ዝም ቢል ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጥዱ ሥር ተቀመጥን። አባቴ ቃል ለመጥራት ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ መውረድ አለባቸው፤ ከንፈራቸው ሲሮጥ ይታየኛል፤ ከዚያ አንዱን ይወረውሩልኛል። «ብሬድ።» እናቴ ዳቦ አትሸጥም አልሁ በእንግሊዝኛ። «በአማርኛ?» ነገርኋቸው። «ሸጋ። ክሎክ።» ቤታችን ሰዓት የለም አልሁ። እየቆየ እየቀለለኝ መጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንግሊዝኛ ሌላ ሰው የጻፈው ነገር ነበር፤ አሁን የእኛ ጥድ፣ የእኛ በር፣ የእናቴ ጥጥ ገባበት። ተነሥቼ እየተመላለስሁ እመልስ ጀመር።

«አፍሬይድ» አሉ አባቴ።

ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ሁለት ወር አፍኜ የያዝሁት ነገር በእንግሊዝኛ በር ከፍቶ ወጣ። «አይ አም አፍሬይድ» አልሁ፣ «አይ ዱ ኖት አክሰፕት ኧ ሀዝባንድ።» እፈራለሁ፣ ባል አልቀበልም ማለት ነው፤ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ በአባቴ ፊት፣ በሰውየው ፊት፣ ጥርሴ ቢረግፍ አልናገረውም ነበር። ተናግሬው ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ክው አልሁ።

«በአማርኛ?» አሉ አባቴ።

«የጎረቤቱን ውሻ እፈራለሁ፣ ወደ ግቢያችን እንዳይገባ ማለት ነው።»

«ሸጋ» አሉና ቀጣዩን ለመጥራት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዲያቆኑ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ገጽ አልገለበጠም።

ዓርብ ጠዋት ወርጄ ፈረንጇ ፊት ቆምሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያንኑ ነው፤ ሪስትለስ። «እናቴ ሪስትለስ ነሽ ትለኛለች» አልሁ በእንግሊዝኛዬ፣ «እውነቷን ነው። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣሁ፣ በራችሁ ግን ተዘግቶ ነበር።» ያን ጊዜ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ከራሴ እያወጣሁ መለስሁ። ላብ አላጠመቀኝም።

ቤት ስመለስ ዲያቆኑ የለም። «ወደ አገሩ ሄደ» አሉ አባቴ፣ ሌላ አልጨመሩም። የሠርጉን ነገር ሊያዘጋጅ ነው ብዬ ደመደምሁ። ውጤቱ እስከሚለጠፍበት ረቡዕ ድረስ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቅ። አንድ ቦታ ተቀምጬ ክር መጠቅለል እንኳ አቃተኝ።

ረቡዕ ስሜ ተለጥፎ አየሁት፤ ከታች ሁለተኛ። ከዚያ እስከ ቁስቋም ያለውን ዳገት በሩጫ ወጣሁት። መንገድ ላይ ለአባቴ የምናገረውን እየደረደርሁ ነበር። ቃልዎን ይጠብቁ፣ ብለውኛል፣ እናቴም ምስክር ናት። ቢያንገራግሩ ይህን እላለሁ፣ ቢቆጡ ያን እላለሁ።

አባቴ ጥዱ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። «አለፍሁ» አልሁ ገና ከበሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። አልተገረሙም። «የዲያቆኑ ነገር ካለቀ ሰንብቷል። ዓርብ ጠዋት አንቺ ስትወጪ፣ ቃልዎን መልሼልዎታለሁ፣ ሽማግሎቹን እኔው አነጋግራለሁ ብሎኝ ሄደ። ውጤቱ ሳይታወቅ እንዳይነግሯት አለ።»

የደረደርሁት ሁሉ አያስፈልግም ነበር። እኔ ገና ፈተናው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ እሱ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ብወድቅም ነፃ ነበርሁ።

«ለአንቺ ደግሞ መልእክት ትቷል። በእነሱ ቋንቋ ነው። ሁለት ጊዜ አሰምቶኝ ያዝሁት» አሉና ንባብ እንደሚያወርዱ ድምፃቸውን አስተካክለው አሰሙኝ፤ «አይ አንደርስታንድ። ዶንት ቢ አፍሬይድ።» ቀጥለው «በአማርኛ?» አሉኝ።

በዚህኛው መዋሸት አልቻልሁም። «ገብቶኛል፣ አትፍሪ ማለት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ እዚያው ነው የገባው፤ የቅኔ ሰው ነው። እኔ ዓርብ አንቺ እስክትመለሺ ያን ያልሽውን ይዤ ከላይ ስወርድ ዋልሁ። አክሰፕት ሦስተኛው ነው። አፍሬይድ ስድስተኛው ነው። ሀዝባንድ መቶ ሠላሳ ሁለተኛው ነው።» ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚናገሩት። «ዶግ ሰባ አንደኛው ነው። አንቺ ባልሽው ውስጥ አላገኘሁትም።»

አንገቴን ደፋሁ።

«የፈራሽው እኔን ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምሄድበት ጠፋኝና አጠገባቸው ተቀመጥሁ፣ እናቴ ለምሳ እስክትጠራን ድረስ።